ከብርዱ ተራራ አፈር መሃል የገባው የጎሮ መረሬ

ስሙኝማ! ይሄን ነገር ስሙኝና ማን እንዳበደ ንገሩኝ። እኔ እስከዛሬ ግራ እንደገባኝ ነው።

ትምህርት አስረኛ ላይ ነው ያቆምኩት። መቆፈር ግን ማንም አያስተምረኝም፤ ሸገር ጠርዝ ላይ ያለችው የጎሮ ገበሬ ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ ሸገር ሙሉ ይቆፈር ነበር፤ ኮንዶሚኒየም፣ ሪል ስቴት፣ መንገድ። እኔን የቀጠሩኝ ግን ለሌላ ዓይነት ጉድጓድ ነው። ሃያ ሁለት ሰፈር ጓሮ አንድ ግቢ የተከራዩ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነበሩ። ባሌ ተራራ ጫፍ ላይ፣ ጀሪካን ውስጥ ያደረ ውሃ ድንጋይ የሚሆንበት ቦታ ወጥተው ሣሩን፣ አይጡን፣ አፈሩን ያጠናሉ። አለቃችን ዶክተሯ ናቸው፤ እናቴን የሚያክሉ ሴት። ከሳቸው ሥር አንድ ማስተርሱን የሚሠራ ተማሪ አለ፤ ምላሱ ከኔ የባሰ።

አቆፋፈራቸውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሣሩን ከነሥሩ እንደ ምንጣፍ ገሽልጠህ ፕላስቲክ ላይ ታስተኛለህ። የላዩን አፈር ለብቻ፣ የመሃሉን ለብቻ፣ የታቹን ለብቻ ትከምራለህ። እነሱ ከየክምሩ ትንሽ ትንሽ በከረጢት ይወስዳሉ። ከዛ የታቹን ከታች፣ የመሃሉን ከመሃል፣ የላዩን ከላይ ትመልሳለህ፤ ሣሩን አልብሰህ ውሃ ታጠጣለህ።

አንድ ጠዋት ጣቶቼ ደንዝዘው ሁሉንም ደባልቄ ሞላሁት። ዶክተሯ መጡና አዩት።

«አውጣው።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። አውጣና በየቦታው መልስ።»

«ዶክተር፣ አፈር እኮ ነው!»

«እዚህ ብርድ ውስጥ አንድ ጣት አፈር እስኪሠራ ስንት ትውልድ የሚያልፍ ይመስልሃል?» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከንፋሱ ይሁን ከሐዘን አላወቅኩም።

ተማሪው ከኋላ፣ «ቆፋሪው! ሣሩን ይቅርታ ጠይቀው፣ ተቀይሞሃል!» ይላል።

ግማሽ ቀን ለይቼ መለስኩት። ለአንድ ክንድ ሣር! ገረመኝ፤ ግን ደግሞ ደስ አለኝ። ምን እንዳስደሰተኝ አልገባኝም።

ጎሮ ስመለስ መሬታችን ለግንባታ ሊወሰድ ነው ተብሎ ካሳ የሚተምኑ ገማቾች አባቴ ማሳ ላይ ቆመዋል። መረሬ ነው መሬታችን፤ ጥቁር፣ ክረምት ጫማ የሚያስቀር፣ በጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚሰነጠቅ። ክረምት ጤፍ፣ ከዛ በቀረው እርጥበት ሽምብራ። ሽምብራው ከተነሳ በኋላ ስለመጡ ቅጹ ላይ «ባዶ መሬት» ብለው ጻፉ።

አባዬ፣ «ባዶ? ታዲያ እኔ ምን በልቼ ሸበትኩ?» አላቸው።

«ቅሬታ ካለዎት አባት፣ ጥሩ የእርሻ አፈር መሆኑን ባለሙያ ይጻፍልዎትና ወር ሳይሞላ ይምጡ። እንደገና ይታያል። ያለዚያ ዶዘሩ ይገባል።»

ማታ አባዬ ጠራኝ። «አንተ ከአፈር ዶክተሮች ጋር አይደል የምትውለው? አንዲት ወረቀት ጻፉልን በላቸው።»

ጠየቅኩ። ዶክተሯ፣ «የኛ ፕሮጀክት የብርድ አካባቢ ነው። ጎሮ አይመለከተንም» አሉኝ።

አይመለከተንም! እሺ፣ እንዲመለከታችሁ አደርጋለሁ አልኩ። ማሳችን ላይ ልክ እንደተራራው ቆፈርኩ። የላዩን፣ የመሃሉን፣ የታቹን በሦስት ከረጢት ለየሁ። የነሱን የመሰለ ቁጥር ጻፍኩበትና ወደ ላብራቶሪ ከሚሄደው የተራራ አፈር መሃል ደረደርኩት። የምደረድረው እኔው ነኝ፤ ማን ያየኛል?

ወሩ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ውጤቱ መጣ። ዶክተሯ ከኮምፒውተሩ ፊት ብድግ አሉ።

«እዛ ከፍታ ላይ እንዲህ ያለ ሸክላማ አፈር? ይሄ እውነት ከሆነ የጻፍነው ሁሉ እንደገና ይጻፋል!»

ተማሪው፣ «መኪና ላዘጋጅ?» አለ።

ዶክተሯ ወደኔ ዞሩ። «አንተ ነህ የቆፈርከው፣ አስታውስ። የትኛው ጉድጓድ ነው?»

«ጥሩ አፈር ነው እንዴ ዶክተር?»

«ጤፍ ብትዘራበት ያጠግብሃል!»

«የአባቴ ነው። የጎሮ ነው» አልኩ።

ያኔ አውሮፕላን ወደ ቦሌ እየወረደ በላያችን አለፈ። ከዛ ዶክተሯ፣ «የስንት ወር ሥራችንን ልታበላሽ ነበር» አሉ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«አጥፍቻለሁ። ግን አሁን ያሉትን ብቻ ይጻፉልኝ። ነገ ቀኑ ያልፋል።»

«በደንቡ ያልተወሰደ ናሙና ላይ አልፈርምም።»

«በየትኛው ደንብ? እርስዎ ባሳዩኝ ነው የቆፈርኩት! ጉድጓዱንም በየተራው ነው የመለስኩት!»

ተማሪው ክንዴን ያዘኝ። «ጀለሴ፣ በቃ» አለኝ ቀስ ብሎ። ዶክተሯ የሦስቱን ከረጢት ውጤት ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፉ። ከረጢቶቹን ግን አልጣሏቸውም፤ አገላብጠው አይተዋቸው ከተራራው አፈር ጋር መልሰው ፍሪጅ ውስጥ አስገቧቸው። ለምን? ይሄው እስከዛሬ ሳስበው አለሁ።

ቀኑ አለፈ። ዶዘሩ ገባ። የላዩን፣ የመሃሉን፣ የታቹን ባንዴ ዝቆ ገልባጭ መኪና ላይ ጫነው። አባዬ አጠገቤ ቆሟል። ዝም ከማለት ብዬ ስለተራራው ሣር አወራሁት።

«ውሃም ያጠጡታል?» አለኝ።

«አዎ።»

«ደግ ሰዎች ናቸው» አለና ወደ ቤት ገባ። እያሾፈ ይሁን ከልቡ፣ እሱም አልገባኝም።

እናንተ ስንጥቁን እየዘለላችሁ «ባዶ» ብላችሁ የጻፋችሁ ገማቾች፣ ምን መሬት ላይ እንደቆማችሁ ታውቁት ነበር። እርስዎስ ዶክተር? የአባቴ ማሳ ላይ ውርጭ ቢጥል ኖሮ ያቺን ወረቀት ይጽፉልን ነበር?