ቀለም የቀባሁት ቡሎን

ባለፈው እሁድ ልጄ ሰናይት ስልኳን ይዛ መጣችና «አባዬ፣ እየው፤ ሰበታ ያሉ ልጆች ራሳቸው የሠሩት ነው» አለችኝ። በቪዲዮው ትንሽ አውቶጃይሮ፣ ሄሊኮፕተር መሰል በራሪ፣ ሜዳ ላይ ይንደረደራል። የእኔ ዓይን የሄደው የላዩን ክንፍ ወደያዘው ቡሎን ነው።

በሃያ ዓመቴ እኔና ጓደኛዬ ግርማ ሱሉልታ ላይ እንዲህ ያለ ሠርተን ነበር። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ብየዳን በማየት፣ በረራን ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው የተማርኩት። የአውቶጃይሮን የላይ ክንፍ ሞተር አያዞረውም፤ የኋላው ሞተር ወደፊት ሲገፋ ነፋሱ ያሽከረክረዋል። ሰውም ሞተርም የሚንጠለጠሉት በክንፉ መሃል ባለ አንድ ቡሎን ነው። መጽሐፉ ጠንካራ አዲስ ብረት ይላል። እኔ ግን ከአሮጌ የግቢ በር የፈታሁትን ቡሎን ዝገቱን ሞርጄ ብርማ ቀለም ቀባሁትና ለግርማ «አዲስ ነው» አልኩት። ውሸት ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። የሚበረውም እሱ ነበር፤ ቀጭን ስለሆነ።

ልናበረው የቀጠርንበት ቀን ጥቅምት ነው፤ ሜዳው ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል፣ ወተት የጫኑ አህዮች በመንገዱ ያልፋሉ። ቆሎ እየቆረጠምኩ ስጠብቅ ግርማ የሜዳውን ባለቤት ኦቦ ቶሎሳን ይዞ መጣ። ሽማግሌው አውቶጃይሮውን ዞረው አዩት።

«ይሄ ነገር ሰማይ ላይ በምን ይያዛል?»

«በዚህ ቡሎን፣ ኦቦ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እዚህ አንጠልጥሉት። በሬ ስሰቅል እንኳ ገመዱን እሞክራለሁ።»

«በሬ ይበራል እንዴ?» አልኩ ተናድጄ።

«በሬማ ብልህ ነው፤ እዚህ ላይ አይቀመጥም!»

ሥጋ ከሚሰቅሉበት አግዳሚ ላይ ክንፉን በገመድ አሰርነው፤ ከሥሩ ድርቆሽ ተነጠፈ።

«ማን ይቀመጥ?» አልኩ።

«የሠራው» አሉ ሽማግሌው ወደ እኔ እያዩ።

ጎረቤቶች ገመዱን ሳቡ። ከመሬት አንድ ክንድ እንኳ ሳልርቅ ቡሎኑ ጧ ብሎ ተቆረጠ፤ ዝገት ውስጡን በልቶት ኖሯል። ድርቆሹ ላይ ተዘረርኩ። ወገቤ እያመመኝ ቀና ስል ግርማ በሁለት እግሩ ቆሟል። እንደዚያ ቀን እግዚአብሔርን አመስግኜ አላውቅም። ቀለሙን ግን አልነገርኩትም።

ልጆቼን ስለ ውሸት ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ትናንት ቡራዩ የሚኖረው ግርማ ጋ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ሳቀ።

«ቀለሙ እኮ አልደረቀም ነበር። ቡሎኑን ስነካ ጣቴ ብርማ ሲሆን ነው ወደ ኦቦ ቶሎሳ የሮጥኩት።»

«ለምን ለኔ አልነገርከኝም?»

«አንተን ማን ደፍሮ ይናገርሃል? ሽማግሌ አመጣሁብህ!»

ስልኩን ስዘጋ ትከሻዬ ቀለለኝ። ሰናይትን ጠራኋት።

«የእነዚያ ልጆች ስልክ አለሽ?»

«ምን ልትላቸው ነው?»

«ምንም። ሽማግሌ ያስፈልጋቸዋል።»