ባለ ሦስት ዓምዱ ደብተር

ቁጭ ማለት አልችልበትም። ሥራዬ ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነው። ስሠራ ቀኝ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ሲንቀጠቀጥ ይውላል፤ የማስተረጉምላት ዶክተር አንድ ቀን ጉልበቴን በእጇ ጫን አድርጋ «ይሄኛውን በሽታ እኔ አላክመውም» ብላኛለች። የምሠራው ገርጂ ባለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ዶክተሯ ከኮሪያ የመጣች፣ ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ የሸበተ የነርቭ ሐኪም ናት። እንግሊዝኛዋ ለመድኃኒት ማዘዣ ይበቃል፤ ከሰው ጋር ለማውራት ግን አይበቃም። እኔ አገሯ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። የላቦራቶሪ ትምህርት ልማር ሄጄ የቋንቋ ሰው ሆኜ ተመለስኩ።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ደብተር ገዛሁና ገጾቹን በማስመሪያ ሦስት ቦታ ከፈልኳቸው። እንግሊዝኛ፣ ኮሪያኛ፣ አማርኛ። መጀመሪያ የሰውነት ክፍሎችን ሞላሁ። ማጅራት ሞክቶልሚ ነው። ብብት ክዮድራንጊ። ከጉልበት ጀርባ ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ እንግሊዝኛው ምላስ በሚያስር ስም ይጠራታል፤ ኮሪያኖቹ ኦግም ብለው ይገላገሏታል፣ እኛም ቋንጃ ብለን። ከደረት አጥንት ጫፍ በታች ያለው ቦታ በእንግሊዝኛ ኤፒጋስትሪየም፣ በኮሪያኛ ምዮንግቺ ነው። የኛ ሰው ግን እዚያው ላይ ጣቱን ቀስሮ «ልቤን» ይላል። ዮፕጉሪ ጎን ነው፤ ጎኑን ደግፎ የሚገባ ሁሉ «ኩላሊቴን ነው» ይላል። ዶክተሯ በመጀመሪያው ወር ይህ ሁሉ ሰው ልብና ኩላሊቱን እንዴት እንደታመመ ግራ ገብቷት ነበር። ከዚያ በኋላ ምላሱን ሰምታ ጣቱን እንድታይ ነገርኳት።

አንቲቦዲ የተጻፈበት መስመር ላይ የአማርኛው ዓምድ ለረጅም ጊዜ ባዶ ነበር። ኮሪያኛው ሃንግቼ ነው። የመጽሐፉ አማርኛ «ፀረ እንግዳ አካል» ይላል። እንዲህ ስል ታካሚዎች የሆነ ነገር ሰውነታቸው ውስጥ የገባባቸው ያህል ይደነግጣሉ፣ እኔም ደስ አይለኝም። ስለዚህ በእርሳስ ጻፍኩት፤ የተሻለ ሳገኝ ላጠፋው።

የሥራው ሕግ አጭር ነው። ታካሚው «አሞኛል» ካለ እኔም በኮሪያኛ «አሞኛል» እላለሁ እንጂ «አሞታል ይላል» አልልም። ዶክተሯ «አዝናለሁ» ስትል እኔም በአማርኛ «አዝናለሁ» እላለሁ። መጨመር የለም፣ መቀነስ የለም። የታካሚ ልጆች ኮሪደር ላይ ክንዴን ይዘው «እባክሽ እህቴ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ አትችለውም» ብለው ሲለማመጡኝ ፊቴን አጥቁሬ አልፋቸው ነበር። በዚህ እኮራ ነበር፣ አልዋሽም። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ቤት ስሄድ ምሳ ላይ እተርክለታለሁ። ዕድሜውን በመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የጨረሰ ሰው ስለሆነ ጨዋታው ይገባዋል። «ትክክል ነሽ» ይለኝ ነበር፣ «ደብዳቤ እንደመጣ ነው ለባለቤቱ የሚደርሰው።»

አባቴ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። ባለፈው በጋ የግራ ዓይኑ ቆብ መውረድ ጀመረ። ጠዋት ደህና ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ዓይኑ ግማሽ ይከደናል። ሥጋ ማኘክ ሰለቸኝ አለ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ የደረጃውን ብረት ይዞ ከጎረቤት ጋር ወሬ ይጀምራል፤ ወሬው ለትንፋሽ መሰብሰቢያ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። «እርጅና ነው» ይላል። እኔ ግን የነርቭ ሐኪም አጠገብ ተቀምጬ ስለምውል እርጅና እንዳልሆነ ጠረጠርኩ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ከእኔ ሸሸ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ይዤው መጣሁ። ዶክተሯ ጣሪያውን አፍጥጦ እንዲያይ አደረገችው። ደቂቃ ሳይሞላ ቆቡ ቀስ እያለ ወረደ። በረዶ በጓንት ውስጥ አድርጋ ዓይኑ ላይ ያዘችለት፤ ስታነሳው ዓይኑ ተከፍቷል። አባቴ ሳቀ። «በበረዶ የሚድን በሽታማ በሽታ አይደለም» አለ፤ ቃል በቃል አስተረጎምኩለት። ደም ተወሰደና ምርመራው እዚህ ስለማይሠራ ወደ ውጭ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ባሉት ሳምንታት ኢሜይሉን በቀን ሃያ ጊዜ እከፍት ነበር። ሚኒባስ ውስጥ፣ ሊፍት ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳይቀር።

መጣ። ማያስቴኒያ የሚባለው ነው። ሃንግቼው፣ አንቲቦዲው፣ እንግዳ ነው ብሎ የያዘው የአባቴን የራሱን ጡንቻ ነው፤ ነርቩ የሚልከው ትእዛዝ ጡንቻው ጋ እንዳይደርስ መንገድ ይዘጋል። በመድኃኒት ይያዛል እንጂ አይድንም። ካልተጠነቀቁት የመተንፈሻ ጡንቻ ላይ ይወጣል።

ከማንም በፊት ለወንድሜ ነገርኩት። ታላቄ ነው፤ ሃያ ሁለት አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሱቁ ፊት ለፊት ያለው ካፌ ተቀመጥን። እናታችን ስትታመም አንድ ወጣት ሐኪም የካንሰሩን ስም ፊት ለፊት ነግሯት ነበር። የዚያኑ ቀን አልጋ ያዘች፤ ሦስት ወር አልሞላትም። ወንድሜ እስከ ዛሬ የገደላት ወሬው ነው ይላል። እኔ ላቦራቶሪ ተምሬያለሁ፣ እንደዚያ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን አንዳንድ ቀን እኔም አምነዋለሁ።

«አንድ ጊዜ ይበቃናል» አለኝ። «መድኃኒቱን ይውሰድ፣ ስሙ ምን ያደርግለታል? የነርቭ ድካም ነው በይው። ቫይታሚን ነው በይው።»

«ዶክተሯ ራሷ ልትነግረው ነው እኮ።»

«በማን አፍ?» አለኝ።

ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

በማግስቱ አባቴ ከዶክተሯ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ እኔ በመሃል። ዶክተሯ ረጅም ተናገረች። ስለ ሃንግቼው፣ ስለ ጡንቻው፣ መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ስለመሆኑ። ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት አወጣች፤ መውሰድ የሌለበት መድኃኒት ዝርዝር ነበር። «ይህን ሳያሳይ ከየትም ፋርማሲ ምንም እንዳይገዛ፤ አንዳንዶቹ አንቲባዮቲኮች ትንፋሹን ሊያቆሙ ይችላሉ» አለችና ፊቴን አየች። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጣል።

«የነርቭ ድካም ነው ትላለች» አልኩት። «መድኃኒትህን በሰዓቱ እንድትውጥ።»

ያ ሁሉ ሰው አልፎብኝ ለመጀመሪያ ጊዜ «ትላለች» ያልኩት የዚያን ቀን ነው። አባቴ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ።

«እሷ ያን ያህል አውርታ አንቺ ባንድ ትንፋሽ ጨረስሽው?»

«ኮሪያኛ ረጅም ነው አባዬ» አልኩት። ወረቀቱን አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። ቤት ስንደርስ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ወረቀት በሙቅ ውሃ አላቅቄ ጣልኩ፣ ቫይታሚን እንዲመስል።

መድኃኒቱ ሠራ። ዓይኑ ተከፈተ፣ ሥጋ አማረው። ወንድሜ «አየሽ?» ይለኛል። እኔ ግን ይብስ ሰላም አጣሁ። በቀን ሦስቴ እደውላለሁ። «ሳትነግረኝ ምንም መድኃኒት እንዳትገዛ» እለዋለሁ፤ «እሺ፣ እሺ» ይላል። ለምን እንደሆነ ያልተነገረው ሰው ምን ያድርግ? የልጅ ጭቅጭቅ መሰለው። የሌላ ታካሚ ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ሲለማመጠኝ እንደ ድሮው ፊቴን ማጥቆር አቃተኝ።

ክረምት ሲገባ ሳል ያዘው። ከሕንፃው ሥር ወዳለው ፋርማሲ ወረደ። ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ብለው ጠይቀውታል፣ እንደ ደንቡ። «ቫይታሚን ብቻ» አላቸው፤ የሚያውቀውን ነው የተናገረው። አንቲባዮቲክ ሰጡት። አመስግኖ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት ስደውል ድምፁ በአፍንጫው ነበር የሚወጣው። «ምራቄ አልወርድ አለኝ» የሚል መሰለኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ሮጥኩ። ከገርጂ የካ አባዶ ያን ዕለት የሚያልቅ መንገድ አልመስል አለኝ፤ መገናኛ ላይ መኪናው ሲቆም ወርጄ በእግሬ ልሂድ ብዬ በሩን ከፍቼ ነበር። ስደርስ አንገቱን በእጁ ደግፎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የመድኃኒቱን ፓኮ ጠረጴዛው ላይ አየሁት። ስሙ ከዝርዝሩ ላይ ሁለተኛው መስመር ነበር። ጎረቤቶች በወንበር አድርገው አራቱን ፎቅ አወረዱልኝ፤ እኔ ከኋላ ነጠላ ጫማውን ይዤ እከተላለሁ፣ ለምን እንደያዝኩት እንጃ።

ቦሌ ባለ አንድ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን በማሽን ተነፈሰ። ወንድሜና እኔ ኮሪደሩን አልለቀቅንም። እሱ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ እኔ እመላለሳለሁ። ጽዳት ሠራተኛዋ «እህቴ፣ ወለሉ ገና አልደረቀም» እስክትለኝ ድረስ። አባቴን ካጣሁት የማጣው በበሽታው እንዳልሆነ አውቅ ነበር። በእኔ አፍ ነው።

በአምስተኛው ቀን ነቃ። ቱቦው ጉሮሮው ውስጥ ስለሆነ መናገር አይችልም። በእጁ የመጻፍ ምልክት አሳየኝ። ከደብተሬ ሌላ ወረቀት አልነበረኝም፤ ገለጥኩና ሰጠሁት። ያ የመዝገብ ቤት ቆንጆ ጽሑፉ እየተንጋደደ፣ በአማርኛው ዓምድ ላይ፣ «ምንድነው ያለብኝ?» ብሎ ጻፈ።

ነገርኩት። የበሽታውን ስም፣ ወረቀቱን፣ የብልቃጡን ነገር፣ ሁሉንም። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ። አባቴ ደብተሩን ዘጋና መለሰልኝ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቱቦው ከወጣ በኋላም ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ውሃ ስሰጠው «እግዜር ይስጥልኝ» ይለኛል፣ ለእንግዳ እንደሚባለው። ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ።

ከወር በኋላ ለክትትል ገርጂ መጣን። ሙሉ ልብሱን ለብሷል፣ ከረባት አስሯል። ከዶክተሯ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ እኔ በመሃል። እሷ ከመጀመሯ በፊት እጁን አነሳ።

«አስተርጓሚ ነሽ አይደል?» አለኝ። «እንዳልኩት በይልኝ። መጨመር የለም፣ መቀነስ የለም።»

«እሺ» አልኩ።

ወደ እሷ ዞረ። «ልጄ ሕመሜን ደበቀችኝ» አለ።

ሕጉን አውቀዋለሁ። ዶክተሯን እያየሁ በኮሪያኛ «ልጄ ሕመሜን ደበቀችኝ» አልኩ። ከራሴ አፍ ወጥቶ ሰማሁት።

«ለሞት ዳርጋኝ ነበር።»

«ለሞት ዳርጋኝ ነበር» አልኩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሌላ አስተርጓሚ እንዲፈለግልኝ እጠይቃለሁ።»

ይህንንም አልኩ፤ «እጠይቃለሁ» ብዬ፣ አንድም ቃል ሳልቀንስ። ዶክተሯ ወደ እኔ አልዞረችም፤ እሱን ብቻ ነው ያየችው። በዝግታ መለሰች፣ እኔም በዝግታ አልኩት፤ «ሌላ አስተርጓሚ የለኝም። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አጣርቼ መጠየቅ ነበረብኝ።»

አባቴ ከረባቱን እየነካካ አሰበ። «እንግዲያው» አለ፣ «የመጀመሪያውን ቀን እንደገና ይንገሩኝ። ከጥንቱ።»

ዶክተሯ ከጥንቱ ጀመረች። አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየተናገረች ታቆምልኛለች። ለማንኛውም ሽማግሌ ታካሚ እንደምለው እኔም «እርስዎ» እለዋለሁ፤ በሕይወቴ አባቴን «እርስዎ» ያልኩበት ሌላ ቀን የለም። «ሰውነትዎ የራስዎን ጡንቻ እንደ እንግዳ ቆጥሮታል» አልኩት። ጡንቻዎቹን እሷ በጣቷ እያሳየች እኔ ስማቸውን አልኩ፤ የዓይን ቆብ፣ መንጋጋ፣ ጉሮሮ፣ ማጅራት፣ ደረት። ሁሉንም በእጁ እየዳሰሰ ተከተለኝ። መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ እንደሆነ ነገርኩት። ዝርዝሩን ከደብተሬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበና አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ፍርሃት ፊቱ ላይ ፈለግሁ፤ የእናቴን ዓይነት ፍርሃት። ያየሁት ፋይል ተሟልቶ የደረሰውን ሠራተኛ ነው።

«ጨርሳለች?» አለኝ።

«ጨርሻለሁ» አልኩ፣ የዶክተሯን ቃል።

ተነስቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት። ኮሪደሩ ላይ ከፊቴ ቀድሞ ሄደ፤ እኔ ሁለት እርምጃ ከኋላው፣ ደብተሬን አቅፌ። ደረጃው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። የብረቱን መደገፊያ አልያዘም። ወደ ኋላ ሳይዞር ክንዱን ከጎኑ ፈቀቅ አደረገ።

«ማስተርጎሙ አልቋል» አለኝ። «በይ ነይ ደግፊኝ፣ ልጄ።»