የአጎቴ የጫማ ዕጣ

አጎቴ በስደት አገር፣ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ጫማ ሲሰፉ ኖረው ባለፈው ወር ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ባለው ቤታቸው አረፉ። እኔ ግን የማስታውሳቸው በዓርብ ከሰዓት ኳስ ነው።

የወሎ፣ የጎንደርና የትግራይ ልጆች ሜዳው ላይ ሲሰበሰቡ ቡድን የሚከፍሉት እሳቸው ነበሩ። ሁሉም አንድ እግር ጫማውን አውልቆ ይከምራል። አጎቴ ለክምሩ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ በእጃቸው እየዳበሱ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ ይወረውራሉ።

“ዕጣ ነው፤ ያላ፣ ግቡ!”

አገር ቤት ጦርነት ተነስቶ ሰው ሰላምታ በተነፋፈገበት ሰሞን እንኳ ዓርብ ዓርብ ተደባልቀው ተጫወቱ። በዕጣ ማን ይቀየማል?

አንድ ቀን፣ “ሁልጊዜ እንዴት እኩል ይደባለቃሉ?” አልኋቸው።

ሳቁ። “ሁሉንም የሰፋሁት እኔ ነኝ እኮ። ስፌቱን ስዳብስ የማን ጫማ እንደሆነ ሳላይም አውቃለሁ። እስካለሁ ድረስ ለማንም እንዳትነግሪ።”

ባለፈው ዓርብ ጫማው ተከመረና ልጆቹ “አሁን አንቺ ወርውሪ” አሉኝ። ጀርባዬን ሰጠሁ፤ ዓይኔንም ጨፈንሁ። ስዞር የወሎዎቹ ጫማ ከሞላ ጎደል በቀኝ፣ የትግራዮቹ በግራ ወድቋል።

 ከዚያ አንዱ፣ “እሳቸው ሲወረውሩ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። አይተሽ ነው” አለኝ።

“ወላሂ አላየሁም!”

የአጎቴን ነገር ልነግራቸው አሰብሁና ተውሁት። ዕጣ እንዳልነበረ መንገር የዚያን ሁሉ ዓርብ ጨዋታ ከልጆቹ እጅ መንጠቅ መሰለኝ።

ሁሉም ጫማውን ከመሬት አንስቶ አደረገና፣ ከአገሩ ልጆች ጋር ወደ ቤቱ ሄደ።