የጋሽ ታደለ ቢጫ ካፖርት

ባለፈው ነሐሴ ከጭሮ ወደ ሂርና በሚኒባስ ስንሄድ ሾፌሩ ዳገቱ ላይ ድንገት ፍጥነቱን ቀነሰ። ከጉሙ ውስጥ አንድ ፈረሰኛ ብቅ አለ፤ የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ጋቢው ላይ ደርቧል። «ኢንጂነሩ መጣ!» አለ አንዱ ከኋላ፣ ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ሐሳቤ ግን ወደ አክስቴ ወደ ዘውዴ ሄዶ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከተማችን ጭሮም ገና አሰበ ተፈሪ ትባል ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ስጠብቅ አክስቴ ጋ ተቀምጬ ነበር። ባሏ ጋሽ ታደለ ዕድሜውን በመንገድ ጥገና ሥራ አሳልፎ በጉበት በሽታ ሞተ፤ ሁለት ትንንሽ ልጆችና አንድ ጉራቻ ፈረስ ትቶላት ሄደ። እሷም ጊዜ አላጠፋችም፤ ፈረሱ ላይ ወጥታ ንግድ ጀመረች። ሻሽ፣ መርፌ፣ ክርና ዶቃ ይዛ የመሰላ ከተማ ገበያ ትውላለች፤ እኔ በጎረቤት በቅሎ ከኋላ ከኋላ እከተላታለሁ።

የጨርጨርን ክረምት የማያውቅ ሰው ጉም ምን እንደሆነ አያውቅም። ጠዋት ከቤት ስንወጣ እግራችን ሥር ይሆንና ዳገቱን ስንጨርስ ይውጠናል። መንገዱ ያኔ ጠባብ ጠጠር ነበር፤ ጫቱ ሳይጠወልግ እናድርስ የሚሉት ሾፌሮች ደግሞ ጉም መኖሩን የሚያምኑ አይመስሉም ነበር። እኛ ጥሩምባ በሰማን ቁጥር ወደ ዳር እንወጣለን፣ ፈረሱም ለምዶት ነበር።

አክስቴ ሐዘኗን አጥብቃ ነው የያዘችው። ቀሚሷ ጥቁር፣ ሻሿ ጥቁር፤ ነጠላዋን ሳይቀር በበርሜል ቀለም ነክራዋለች። የጋሽ ታደለ እህት፣ እትዬ አስካለ፣ ደግሞ የባሰች ናት። የፈረሱን ቀይ የአንገት ዘርፍ «ዓመቱ ሳይሞላ ምን ጌጥ አለ?» ብላ በገዛ እጇ ፈትታ ወሰደችው። እንግዲህ ጥቁር የለበሰች ሴት በጥቁር ፈረስ ላይ ሆና ጉም ውስጥ ትጓዛለች ማለት ነው። ከኮርቻው ኋላ በታሰረው ጥቅል ውስጥ ቢጫና ብርቱካን ሻሽ ሞልቷል። ነገሩ ያኔ አላስገረመኝም።

አንድ ጠዋት ከፊታችን ካለው ኩርባ የጫት መኪና ዱብ አለ። ፈረሱ ወደ ቦዩ ዘለለ፤ አክስቴ ጭቃው ውስጥ ወደቀች። መኪናው ጠጠሩን እየረጨ ቆመና ሾፌሩ ወርዶ ሮጠ፤ የከተማችን ሰው አብዲ ነበር። 

«ያ ረቢ! ማሎ እትዬ፣ ወላሂ አላየሁሽም!» አላት። ወደ እኔ ዞረና፣ «አንቺን በቀይ ሹራብሽ ከኋላዋ ሆነሽ አይቻለሁ። እሷን ግን አፍንጫዬ ሥር እስክትደርስ አላየሁም» አለ። «ነጭ ነገር ጣል አርጊ እትዬ፤ ልጆች አሉሽ።»

«ሐዘን ላይ ነኝ» አለች አክስቴ ጭቃዋን እየጠረገች።

«ሌላ ሐዘን ልትጨምሪ ነው?»

 ያን ቀን ገበያ ሳንደርስ ተመለስን።

ከሰዓት በኋላ ሆጃ አፈላን፤ የቡና ገለፈት በወተት ማለት ነው። ልጆቹ የማሽላ ቂጣ እየነከሩበት ይበላሉ። «ከምትሸጪው አንዱን ቢጫ ሻሽ እሰሪ፣ ምን አለበት?» አልኳት።

«ታደለን በዓመቱ ረሳችው ልባል? አስካለስ ዓይኔን ታየዋለች?»

«አስካለ ልጆችሽን አታሳድግም!» አልኩ። ተናድጄ ነበር፤ እንደምትሞትብኝ ታይቶኝ ፈርቼም ነበር።

አልተቆጣችኝም። ልጆቹን አየችና ዓይኗ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የጋሽ ታደለ የዝናብ ካፖርት ሄደ። ከመሥሪያ ቤት የተሰጠው፣ ጎማ ጎማ የሚሸት፣ እንደ አደይ የደመቀ ቢጫ ነው። «አስካለ ለቅሶው ላይ የወንድሟን ኮት ለብሳ አልነበር ያለቀሰችው?» አለች። «የሟችን ልብስ መልበስ ሐዘን ነው። ማን ምን ይለኛል?» ይህን ስትል ግን ድምጿ ብዙም አልጠነከረም።

በሚቀጥለው ገበያ ለብሳው ወጣች። እጅጌው እጇን ውጦታል፣ ጫፉ እርካቡ ላይ ደርሷል። ሳቄን ዋጥኩት። የእትዬ አስካለ ሻይ ቤት የመሰላ መገንጠያ ላይ ስለነበር ሳታየን ማለፍ አይቻልም። እየቀረብን ስንሄድ አክስቴ ልጓሙን ሳብ ለቀቅ ታደርግ ጀመር።

ከጉሙ ስንወጣ እትዬ አስካለ ደጃፏ ላይ ቆማለች። አየችን። ነጠላዋ ከትከሻዋ እየወደቀ መንገዱ መሐል ድረስ ሮጠች። «ታዴ! ታዴዬ! ወንድሜ!»

አጠገባችን ስትደርስ ከካፖርቱ ቆብ ሥር የአክስቴን ፊት አየችና ቆመች። አሁን ስድቡ ሊወርድ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን የካፖርቱን እጅጌ በሁለት እጇ ይዛ ፊቷን ቀበረችበት።

«ላውልቀው እንዴ፣ አስኩዬ?» አለች አክስቴ ከፈረሱ ላይ ጎንበስ ብላ።

«እንዳታወልቂው!» አለች እትዬ አስካለ ቀና ሳትል።

አክስቴ ጥቁሩን ዓመቱ ሲሞላ አወለቀች፤ ካፖርቱን ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ክረምት ለበሰችው፣ ሾፌሮቹም ከሩቅ እያዩዋት ጥሩምባ ይነፉላት ነበር። ልጆቿን ድራ፣ የልጅ ልጅ አይታ፣ አርጅታ በአልጋዋ ላይ ሞተች።

ሚኒባሳችን ፈረሰኛውን አልፎ ሄደ፣ ሳቁም ተረሳ። ሰደርያ ለባሹ ለራሱ ብሎ ነው የለበሰው፤ በልብሱ ማን ምን እንደሚያይበት አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። አክስቴም አላወቀችም ነበር። ሕይወቷን ያተረፈላት ያ ካፖርት ለእትዬ አስካለ ሌላ ነገር ነበረ። አስካለ ራሷ እስክትሞት ድረስ የመሰላ ገበያ ቀን ጉም ከወረደ፣ ማን እንደሚመጣ እያወቀች፣ ደጃፏ ላይ ወጥታ ትጠብቅ ነበር።