ሲጋራ የሚያስተው ክኒን

አባቴ የጎረቤታችንን ግንባር በበር መቀርቀሪያ ብረት ሲፈነክተው አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

አባቴ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። በወጣትነቱ ለጦርነት መጥቶ ጅጅጋ ቀረ፤ እናቴን እዚሁ አገባ፣ እኔም እዚሁ ተወለድኩ። ስለ ጦርነቱ አንድም ቀን አውርቶልኝ አያውቅም፤ ዝም ብሎ ያጨሳል። ከኮሮናው ዘመን በኋላ ሳሉ ደም ሲቀላቅል፣ ተለማምጬም ተቆጥቼም ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ ሳንባዎ እያለቀ ነው» አለው ወጣቱ ሐኪም፤ ሲጋራ የሚያስተው ክኒንም አዘዘለት። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ «ቅዠት ሊበዛባቸው ይችላል። ጠባያቸው ከተለወጠ ቶሎ አምጪያቸው» አለኝ።

ክኒኑ ከከተማው መድኃኒት ቤቶች ጠፋ። ጎረቤታችን ሶማሌ ነው፤ በቶጎ ጫሌ ድንበር በኩል ሐርጌሳ እየተመላለሰ ጨርቅ ይነግዳል። ማዘዣውን ይዞ ሄዶ እሱ አመጣልን። አባቴን «አዴር» ነው የሚለው፣ አጎቴ እንደማለት።

ክኒኑ ሠራ። ሲጋራው አባቴን ጥላሸት ጥላሸት ይለው ጀመር፤ ሳያጋምስ ይጥለዋል፤ ቆይቶም ጨርሶ ተወው። ግን ቅዠቱ መጣ። ጠዋት ላብ በላብ ሆኖ ይነሳና፣ የሚቃጠል መኪና ውስጥ ስለሚጮሁ ሰዎች ያወራኛል። የቁም ሳጥኑን መስታወት በቡጢ አደቀቀው፤ «ሰው ነበረበት» አለኝ እጁ እየደማ። መስኮት ዘጋሽ ብሎ አንገቴን አነቀኝ። ሐኪሙ ጋ እንሂድ ስለው፣ «አብዷል ልትይ ነው? ውጪልኝ!» ብሎ ብርጭቆ ወረወረብኝ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ በሚያርፍበት ሰዓት፣ አባቴ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ጎረቤታችን ሊጠይቀው መጣ። ጫማውን በሩ ላይ ሲያወልቅ አባቴ ዘሎ ተነሳ። ዓይኑ ተገልጧል እንጂ እኛን አያይም። «ገቡብን!» ብሎ የበሩን መቀርቀሪያ ብረት አነሳ። የመጀመሪያው ምት የጎረቤታችንን ግንባር ተረተረው። ሁለተኛው ትከሻው ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ከኋላ ተጠመጠምኩበት፤ በክርኑ አፌን ሲለኝ ጥርሴ ወለቀ። ጎረቤታችን መሸሽ ይችል ነበር። በደህና እጁ አባቴን አቅፎ አብሮት ወደቀ።

«አዴር! አዴር፣ እኔ ነኝ!»

አባቴ ሲነቃ ደሙን አየ።

«ማነው የመታው?»

«አንተ ነህ፣ አባባ» አልኩት።

ጩኸታችን ሰፈሩን ሰብስቦት ነበር። «ያ ወታደር ሰው ገደለ» ተባለ፤ የቆርቆሮ በራችን ላይ ድንጋይ ይዘንብ ጀመር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማው ሲታወክ እንዲህ ያለ ግርግር የት እንደሚደርስ አይቻለሁ። ጎረቤታችን ሸሚዙ በደም እንደራሰ በሩን ከፍቶ ወጣና በሶማሊኛ ጮኸባቸው።

«ታሟል! መድኃኒት ነው ያሳበደው! እሱን የሚነካ መጀመሪያ እኔን ይግደል!»

አንድ ድንጋይ ጭኑን መታው። አልተነቃነቀም። እያጉረመረሙ ተበተኑ።

ሦስታችንም ባንድ ባጃጅ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ግንባሩን ሰፋለት፣ ትከሻውን አሰረለት፤ የአባቴንም ክኒን እዚያው አስቆመው። «ብዙ ሰው ላይ እንዲህ አያደርግም» አለ፣ «እርስዎ ግን ለብቻዎ የተሸከሙት ነገር አለ።» አባቴ መሬት መሬት እያየ አለቀሰ።

ቅዠቱ እያደር ለቀቀው። ወደ ሲጋራው ግን አልተመለሰም፤ ሱሱ ሲነሳበት እየተሳደበ ግድግዳውን በጫማው ይደበድባል።

የጎረቤታችን ትከሻ ሲያገግም አባቴ ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ሰውየው ተነስቶ ሳመው። ሚስቱ ግን ሻዩን ፊታችን አስቀምጣ፣ «ባሌ ሲጮህ ከአጥር ማዶ ሰምቼዋለሁ» ብላን ወደ ጓዳ ገባች። መንገድ ላይ ሰላም ትለኛለች። ቤታችንን ግን እስከ ዛሬ አልረገጠችም።