የሃሊሞ ጥቁር አምባር

ሃሊሞ ቀፊራ ገበያ ላይ የአሉሚኒየም ድስት ስትሸጥ እጇን አይቶ ያልቀለደባት የለም። «ይህን ሁሉ የሚያብረቀርቅ ዕቃ ዘርግተሽ አምባርሽ ከሰል መሰለ» ይሏታል። እሷ ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። ለማን ብላ ታስረዳ? የብር አምባሯ ላይ የበኩር ልጇ የኸባብ የጥርስ ምልክት አለ። ልጁ ጥርስ ሲያወጣ፣ እቅፏ ውስጥ ሆኖ ያንን ስስ አምባር ይነክስ ነበር። ከዚያ ትኩሳት ወሰደው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኢድ በመጣ ቁጥር በአመድ ትፈትገው ነበር፤ የልጇን ገላ የምታጥብ ያህል ተጠንቅቃ። አንድ ጊዜ ታዲያ ንክሻው የሳሳ መሰላትና ክው አለች። ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። ጠቆረ። ከጥቁረቱ ሥር ምልክቱ አለ ብላ ኖረች።

አሁን ሁለተኛዋ ልጇ ፋርሂያ ልታገባ ነው። በቤቱ ወግ የእናት ብር ለሙሽራዋ ይወርዳል። ሃሊሞ ግን የኸባብ ንክሻ እንዳይጠፋ ብላ አምባሩን ለማስፈተግ እምቢ አለች።

«አቦ ሆዮ፣ መፈተግ ምን አስፈለገ?» አለች ፋርሂያ እናቷን፤ መልካ ጀብዱ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። «ያጠቆረው ሰልፈር ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሮን በመስጠት ብርን በብዙ ይበልጠዋል፤ ብር ደግሞ በመቀበል ይበረታል። ሲነካኩ ያ ይሰጣል፣ ይህ ተቀብሎ ወደ ብርነቱ ይመለሳል። ቅንጣት አይጎድልም።»

«መዳብስ?»

«መዳብ ስስታም ነው፣ እንደሱ አይለቅም።»

«ይሄ እኔ የምሸጠው ነው ለጋሱ?» ሃሊሞ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

ፋርሂያ አሮጌ ድስት ውስጥ ሙቅ ውሃ፣ ጨውና የዳቦ ሶዳ ጨምራ አምባሩን የድስቱን ሆድ አስነክታ አስቀመጠችው። የተበላሸ እንቁላል ሽታ መጣ። ጥቁረቱ ዓይናቸው እያየ ለቀቀ።

ሃሊሞ አምባሩን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። አገላብጣ ደግማ ዳበሰችው። ልሙጥ ነው።

«ንክሻው የታለ ሆዮ?» አለች ፋርሂያ።

«እዚህ ጋ ነበር።»

ፋርሂያ ነገሩ ገባት። ድስቱ የመለሰው ጥቁረቱ የያዘውን ብር ነው፤ አመዱ በየኢዱ ፍቆ የወሰደውን ከየት ያምጣው? የልጇን የጥርስ ምልክት ያጠፋችው ሃሊሞ ራሷ ናት፣ እየሳሳችለት። ፋርሂያ ይህን መናገር አላስፈለጋትም፤ የእናቷ እንባ ቀድሞ ወርዷል።

ሃሊሞ አምባሩን ፋርሂያ እጅ ላይ አጠለቀችላት።

«ተመልሶ ሲጠቁር በድስቱ ነው የማጸዳው» አለች ፋርሂያ፣ ልታጽናናት።

«እንዳሻሽ» አለች ሃሊሞ። «ከፈለግሽም በአመድ ፈትጊው።»