እርስዎ የምትለው ልጅ

ይሥሐቅን በሥራው ላይ ያስመረረው ነገር ቢኖር የእንግሊዝኛው «ዩ» ነው። ፈረንጅ አምላኩንም «ዩ» ይላል፣ ውሻውንም «ዩ» ይላል፣ የወለደውን አባቱንም፣ ኪሱን ሊያወልቅ የመጣውን ሌባም ያው «ዩ» ነው። አንተ የለ፣ አንቺ የለ፣ እናንተ የለ፣ እርስዎ የለ። እነሱስ ተገላገሉ፤ ጣጣው የተረፈው ዘመሮ ከተማ ላይ ቁጭ ብሎ ፊልማቸውን ወደ አማርኛ ለሚመልሰው ሰው ነው። ማን ለማን እንደተናገረ፣ ማን ማንን በዕድሜ እንደሚበልጥ፣ ተኳርፈው እንደሆነ ወይም ታርቀው እንደሆነ አይቶ እያንዳንዷን «ዩ» ቦታ ቦታ የሚያሲዛት እሱ ነው። አንዷን ሲስት ደግሞ ገበያ ላይ አስቁመው ይዘልፉታል።

ሱቁ ከእትዬ ተሾመች ሻይ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘች ጠባብ ቤት ናት። ከፊት ለፊት ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ የስልክ ሽፋን ይሸጣል፣ ፊልምና መዝሙር በፍላሽና በሚሞሪ ይጭናል። ከጀርባ ያለችውን ክፍል ግን ዙሪያዋን በበግ ጠጉር ባና ጋርዶ ማይክ ተክሎባታል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ወፍጮ ጋብ፣ የእትዬ ተሾመች ሬዲዮ ዝም ሲል እዚያ ገብቶ ይተረጉማል። ሽማግሌውንም፣ ሕፃኑንም፣ ሙሽራይቱንም ሆኖ የሚናገር እሱ ብቻውን ነው። ጓሳ ሣር ሊያጭዱ የወጡ ሰዎች እንኳ ዕረፍት ላይ ስልካቸውን ሲከፍቱ የሚሰሙት የሱን ድምፅ ነው። መልኩን የማያውቁት ሰዎች ድምፁን ሰምተው ዞር ይላሉ።

አምና አንድ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ እጁ ገባ። ስለ ትምህርት ቤት ልጆች ነው። ማዲሰን የምትባል ልጅ አለች፤ እናቷ በልጅነቷ ሞታባት አክስቷ ዘንድ ያደገች። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ስንት ዓመት አገር ላገር ሲዞር ከርሞ ድንገት ይመጣና «ከእንግዲህ አብረን እንኑር» ይላታል። ይሥሐቅ ከስንቱ ፊልም መሀል ይህን ለምን እንደመረጠ ማንም አልጠየቀውም። ቢጠይቁትም የሚናገር ሰው አልነበረም።

የሱም ታሪክ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሚስቱ ዓለሚቱ ታማ ስትሞት ልጃቸው ጽናት ገና ፊደል አልለየችም ነበር። ልጅቷን ግሼ ውስጥ ራቤል አጠገብ ላሉት ለእናቷ አባት ለአቶ ገብረ አማኑኤል ሰጠና አዲስ አበባ ወረደ። እዚያ ፊልም የሚተረጎምበት ቤት ተቀጥሮ፣ መጀመሪያ ዕቃ አመላላሽ ኋላም ድምፅ ሰጪ ሆኖ ሙያውን ለመደ። ለዓመት በዓል ልብስ ይልካል፣ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ሄደ። በመጨረሻ አገሩ ተመልሶ ዘመሮ ላይ ሱቅ ሲከፍት ልጅቷ ለሁለተኛ ደረጃ ደርሳ ስለነበር «እኔ ዘንድ ሆና ትማር» ብሎ ወሰዳት።

ሲሄድ የተዋት ልጅ «አንተ» ነበር የምትለው። «አንተ፣ ተሸከመኝ! አንተ፣ ና እዚህ!» እያለች ነበር ቤቱን የምታናውጠው። የመጣችለት ልጅ ግን በሩ ላይ እጅ ነሥታ «እንደምን አሉ?» አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ እርስዎ ነው። «ምሳዎን ላቅርብ?» «ደከመዎ እንዴ?» «ጫማዎን ልጥረግልዎ?» ሰው ሁሉ አደነቀለት። እትዬ ተሾመችማ ባዩዋት ቁጥር «ታድለህ! የኔዎቹ ተጎልተው እንደ እኩያቸው አንቺ አንቺ ነው የሚሉኝ። የአያቷ አስተዳደግ ነው፤ ገብረ አማኑኤል ልጅ ማሳደግ ያውቃሉ» ይሉታል።

ይሥሐቅም በዚህ ይጽናና ነበር። አስተዳደግ ነው፣ የግሼ ደንብ ነው እያለ። ግን ምሳው ሲቀርብለት በገዛ ቤቱ በእንግድነት የተቀመጠ ይመስለዋል። እንደ ልጅነቷ አንድ ቀን አንተ እንድትለው ነበር የሚመኘው። ይህ ደግሞ ለሰው የሚነገር ምኞት አይደለም። ልጄ አከበረችኝ ብሎ የሚከስስ አባት የት አገር አለ?

ዘንድሮ አንዲት ተማሪ ከደብረ ብርሃን ሌላ ፍላሽ ይዛለት መጣች። «ጋሼ፣ ይሄኛው የእንግሊዞቹ ነው። አሜሪካኖቹ ከዚህ ላይ ነው የሠሩት» አለችው። ከፍቶ ቢያየው እውነትም ታሪኩ ያው ነው። ልጅቷ ማዲሰን መሆኗ ቀርቶ ጄን ተብላለች፤ አባትየውም በመኪና ፈንታ ባሕር መሀል ዘይት ሲያወጣ የከረመ ነው። የእንግሊዞቹ ልጆች ግን ፊታቸው ብጉር አለበት፣ ጥርሳቸው የተዛነፈ ነው፤ ዩኒፎርማቸው ላይ ሹራብ ደርበው በጭጋግ ውስጥ እየተንቀጠቀጡ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። አሜሪካኖቹ ይህንኑ ወስደው ጭጋጉን ገፈፉ፣ ፀሐይ አወጡ፣ ብጉሩን አጠቡ፣ ጥርሱን ደረደሩ። ተማሪ ናት የተባለችው ማዲሰን አግብታ የፈታች የምታህል ሴት ናት።

«እነዚህኞቹ ቁርጥ የዘመሮ ልጆች!» ብሎ ይሥሐቅ ተደስቶ ለተማሪዎቹ አሳያቸው። እነሱ ግን ፊታቸውን አኮማተሩ። «ጋሼ፣ ጭጋግ ለማየት ፍላሽ ምን ያደርግልናል? በር መክፈት ነው» አለ አንዱ። ሳቁ። ጽናት ከባንኮኒው ጀርባ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር፤ ቀና ሳትል «እኛንም እንደዚህ ቢሠሩን ምናለ?» አለች። «የኛ ቴሌቪዥን ላይ የገጠር ልጅ የሚወጣው ወይ እንዲሳቅበት ነው ወይ እንዲታዘንለት ነው። ይቺ ልጅ ግን ዝም ብላ ታኮርፋለች፤ ማንም አይስቅባትም።» ይሥሐቅ ዞሮ አያት፤ ልጁ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ስትናገር ሰምቶ አያውቅም።

ሁለቱ ድራማዎች የሚለያዩበት ሌላም ቦታ አለ። በአሜሪካው ማዲሰን ጥቂት ክፍል ያህል ካኮረፈች በኋላ ሙዚቃው ከፍ ሲል ሮጣ አባቷ አንገት ላይ ትጠመጠማለች፤ አለቀ። በእንግሊዙ ግን አባትና ልጅ ማድ ቤት ቁጭ ብለው ዳቦ ይበላሉ። ጄን «ጠይቀኸኝ አታውቅም» የሚል ነገር ትናገራለች፤ እሱ ዳቦዋን ቅቤ ይቀባላታል፤ ክፍሉ በዚያው ያበቃል። ይሥሐቅ ይህችን ቦታ ሱቁን ዘግቶ እየደጋገመ አያት።

ሊተረጉመው ሲነሣ ሁለት ችግር ነበረበት። አንደኛው ድምፅ ነው። ማዲሰንን በራሱ ድምፅ ሲሠራት ተማሪዎቹ «ልጅቱን ጉንፋን ይዟታል?» እያሉ ተሣልቀውበት ስለነበር ጄንን ጽናት እንድትሆንለት ጠየቃት። «እርስዎ ካሉ እሺ» አለችው። ሁለተኛው ያው «ዩ» ነው። ማዲሰን አባቷን አንተ እንድትል በማድረጉ የሠፈሩ ሽማግሌዎች «ልጆቻችንን ልታባልግብን ነው ወይ?» ብለው አፋጠውት ነበር። ስለዚህ ጄን ጨዋ ትሁን፣ እርስዎ ትበል ብሎ ወሰነ።

በመሀሉ በአንድ የገበያ ቀን አቶ ገብረ አማኑኤል በግ ሊሸጡ ከራቤል መጡ። ይሥሐቅ ከባንኮኒው ሆኖ «ደህና ዋሉ አባቴ» ሊል አፉን ሲከፍት ጽናት ከጓዳ ተወርውራ ወጣች። «አባባ! መጣህ? ምነው ከሳህ? ያንን ሳልህን ይዘህ በዚህ ብርድ ትዞራለህ አይደል? ና ግባ፣ በርኖስህን ወዲህ በል!» ሽማግሌው እየሣቁ በከዘራቸው ጫፍ እግሯን ነካ ነካ አደረጓት።

ይሥሐቅ የሰው ስልክ በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። መጣህ። ከሳህ። ና ግባ። አስተዳደግ ነው ሲል የከረመው ነገር ሁሉ ፊቱ ላይ ተበተነ። አያቷን፣ ያንን ሁሉ አገር የሚነሣላቸውን ሽማግሌ፣ አንተ ትላቸዋለች። እርስዎ የምትለው እሱን ብቻ ነው። ቀና። በሰባ ዓመት ሽማግሌ፣ ያውም ልጁን ባሳደጉለት ሰው ቀና። መቅናቱንም ሲያውቀው አፈረ፤ ያን ዕለት ከሽማግሌው ጋር ምሳ ሲበሉ ዓይናቸውን ማየት አቃተው።

በተከተለው እሑድ ረፋድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ወፍጮው ዝግ ስለሆነ ያችን የማድ ቤት ቦታ ሊቀርጹ ከጀርባው ክፍል ገቡ። ጽናት ነጠላዋን እንዳጣፋች ማይኩ ፊት ቆማ አባቷ የጻፈላትን አነበበች።

«ጠይቀውኝ አያውቁም። መጡ፣ ሻንጣዬን አነሡና ሄድን።»

አንብባ ስትጨርስ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወለቀች።

«ይሄ ልክ አይደለም» አለች።

«ምኑ ነው ያልሆነው?»

«ጄን አባቷን እርስዎ አትለውም።»

«ሽማግሌዎቹ ሲቆጡኝ ሰምተሽ የለም እንዴ?»

«ለሽማግሌዎቹ አይደለማ የምትናገረው። ተናዳበት እኮ ነው። የተናደደ ልጅ አባቱን አንተ ነው የሚለው። እርስዎ የምትለውማ ተስፋ ብትቆርጥበት ነበር።»

ከተናገረችው በኋላ ነው የገባት። አጎንብሳ የነጠላዋን ጥለት ማፍተልተል ያዘች። ይሥሐቅ ቅጂውን አቆመ። ሊያልፈው ይችል ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለውን ነገር ሲያልፍ ነው የኖረው።

«አንቺስ ቆርጠሻል?» አላት።

«አንብቢ ካሉኝ ወረቀቱን ላንብብልዎ።»

«ወረቀቱን ተይው።»

«ታዲያ ምን ልበልዎ?»

«የመጣልሽን።»

ጽናት ቀና አለች። «እኔንስ ጠይቀውኝ ያውቃሉ?» አለች በለሆሳስ። «ለአባባ ሲሰጡኝ ጠየቁኝ? ከአባባ ሲወስዱኝስ ጠየቁኝ? ለፋሲካ ቀሚስ ላኩልኝ፤ ጎረቤት ሁሉ ሊያይ ተሰብስቦ በትከሻዬ አልገባ አለኝ። ልብሱ ሲቀደድ ሳቁብኝ። ምን ያህል እንዳደግሁ እንኳ አታውቅም ነበር!» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ጥለኸኝ ሄድክ! የሄድክ ቀን እስከ ጅረቱ ድረስ እየሮጥኩ ተከተልኩህ። ስጠራህ ሰምተሃል። ሰምተህ ዞር አላልክም!»

በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተ። እትዬ ተሾመች ናቸው፤ ጩኸቱ በግድግዳው አልፎ ሻይ ቤት ድረስ ተሰምቷቸው።

«አንቺ! አባትሽን ነው አንተ የምትዪው? በሰንበት ምድር! ምን ነካሽ?»

ጽናት በነጠላዋ አፏን ያዘች። ፊቷ በአንዴ ተለወጠ፤ ያቺ እጅ የምትነሣዋ ልጅ ስትመለስ ይሥሐቅ በዓይኑ አየ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ እርስዎን እንዲህ…» ማለት ጀመረች።

ይሥሐቅ ደነገጠ። ከመቀመጫው ተነሥቶ በመካከላቸው ቆመ። «እትዬ ተሾመች፣ ልጄ አላጠፋችም። አጥፊው እኔ ነኝ። ይተዉን።»

«እንዴ! እንዲህ እየሰደበችህ?»

«በማርያም ይተዉን።»

ሴትዮዋ እያማተቡ፣ የዘንድሮን ልጅም የዘንድሮን አባትም አንድ ላይ እያማረሩ ወጡ። ይሥሐቅ በሩን ዘጋና ወደ ልጁ ዞረ።

«እባክሽ አትመልሺው» አላት። «የተናገርሽውን አትመልሺው።»

ጽናት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ለምን ሄድክ?» አለችው።

ለዚህች ጥያቄ ያዘጋጀው መልስ ነበረው። ሥራ፣ ኑሮ፣ ላንቺው ብዬ ነው፤ መንገድ ላይ ብቻውን ሲሄድ ሁሉ የሚለማመደው መልስ ነው። አሁን አንዱም አፉ አልገባ አለው።

«ፈርቼ ነው» አላት።

«ምን ፈርተህ?»

«አንቺን። እናትሽ ከሞተች በኋላ ጠዋት ጠዋት ዓይንሽን ስትገልጪ ‹እናቴ መቼ ነው የምትመጣው?› ትይኝ ነበር። በየቀኑ። የምመልስልሽ አልነበረኝም።»

«አስታውሳለሁ» አለች ጽናት። «አንተም ‹ነገ› ትለኝ ነበር።»